ደረት ላይ ያረፈ እጅ

«እንደገና በል» አለ ክሌይተን።

ኔልስ መስተዋቱ ፊት ቆሞ ከረባቱን እያሰረ ይፈታል፣ እየፈታ ያስራል። «ከመሞቱ በፊት ሰላም አገኘ» አለ በፖርቱጋልኛ። አፉ ውስጥ ጠጠር የያዘ ይመስል ቃሎቹ አንድ በአንድ ነው የሚወጡት።

«"ሰላም አግኝቶ ነበር" በል። ቀጥለህ ደግሞ "ልጁንም ይቅር ብሎታል" ትላለህ። ቀስ ብለህ። ተጣድፈህ ካወራህ ውሸት ይመስላል።»

«ውሸት እኮ ነው።»

ክሌይተን ጫማውን መቦረሹን ተወት አደረገ። «ማጽናኛ ነው» አለ። «ሴትየዋ ባሏን ቀብራለች። ልጇ ከፈረንሳይ ድረስ መጥቶ ለቀብር እንኳ አልደረሰም። ሌላ ምን የምትነግራቸው ነገር አለህ? እስቲ ንገረኝ።»

ኔልስ ከረባቱን እንደገና ፈታ። ሌላ የሚነግራቸው ነገር ነበረው።

ሁለቱ ወጣት ሰባኪዎች የሚኖሩት ከዓሣ ማሸጊያው ፋብሪካ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ከረባት፣ ኪሳቸው ላይ ስማቸው የተጻፈባት ጥቁር ምልክት። ሰፈሩ «ከረባታሞቹ» ይላቸዋል። ከአሜሪካ ድረስ የመጡት እግዚአብሔርን ሊያስተዋውቁን ነው። እኛ ከእሱ ጋር የተዋወቅነው ደግሞ አገራቸው ስም ሳይወጣላት ነው። ቢሆንም የሰው ልጆች ናቸው፣ ልጅ ሲርበው ያሳዝናል። ቃላቸውን ባንሰማም ሾርባ አንከለክላቸውም። ወይን አይጠጡም። ቡናም አይጠጡም። የሰፈሩ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አለቃ እኔ ነኝ የምትለው ፓልሚራ፣ «ታዲያ ምን ኃጢአት ሠርተው ነው ንስሐ የሚሰብኩት?» ትላለች።

ክሌይተን ሃያ ዓመቱ ነው። የስብከት ዘመኑን ሊጨርስ ጥቂት ቀርቶታል፤ ቋንቋችንን እንደ እኛው ይናገራል፣ መናገሩንም ያውቃል። ኔልስ ገና አሥራ ስምንት ነው። ከስንዴ አገር መጥቶ ባሕር ያየው እዚህ ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን ማዕበል በተነሳ ቁጥር ከመንገዱ ዳር ይሸሽ ነበር፣ ውኃው ተከትሎት እንደሚወጣ ሁሉ።

ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ይነሳና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ሰዋስው ያጠናል። እኔ እሄዳለሁ፣ አንተ ትሄዳለህ፣ እሱ ይሄዳል። ጎረቤት በግድግዳው በኩል ይሰማዋል። ከዚያ ሁለቱ ወጥተው በር ያንኳኳሉ። በር ይዘጋባቸዋል። ውሻ ይለቀቅባቸዋል። አንዳንዱ አስገብቶ ሲሰማቸው ይቆይና በመጨረሻ ጆሮው እንደማይሰማ ይታወቃል። ከሰዓት በኋላ ገንዳው ጋ ሸሚዛቸውን ሊያጥቡ ሲመጡ ሴቶቹ ኔልስን ይዘው መሳቂያ ያደርጉታል።

«ይህ ምን ይባላል?» ትለዋለች ፓልሚራ ሳሙናውን ከፍ አድርጋ።

አያውቅም።

«ይህስ?» ዳቦ ታሳየዋለች።

እሱንም አያውቅም።

«ታዲያ ምን ታውቃለህ አንተ?»

ኔልስ ትንሽ ያስብና፣ «ዘላለም» ይላል። «መዳን። ጥምቀት።»

ሕፃን አፉን ሲፈታ እናት ይላል፣ ውኃ ይላል። ይህ ልጅ በእኛ ቋንቋ አፉን የፈታው ዘላለም ብሎ ነው። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እንዲያ ነው ያስተማሩት። ከመምጣቱ በፊት በገባበት የሰባኪዎች ትምህርት ቤት ሁለት ነገር በደንብ አስጠንተውታል። አንደኛ፣ የሚሉህ ካልገባህ ፈገግ ብለህ «አዎ» በል፤ ሰው የሚሰማውን ሰው ይወዳል። ሁለተኛ፣ የምታነጋግረው ሰው ዓይኑ እንባ ካቀረረና እጁን ደረቱ ላይ ካሳረፈ መንፈስ ነክቶታል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ዝም አትበል፣ ምስክርነትህን ስጠው። ምስክርነት የሚሉት በቃል የሚያጠኑት አጭር ንግግር ነው። ኔልስ የራሱን በመኝታውም በመንገዱም እየደጋገመ አጥንቶታል፤ የሚሰጠው ሰው ብቻ አጥቶ ነበር።

ጋሽ አቢሊዮ እስኪገኝ ድረስ።

ጋሽ አቢሊዮ ባሕር ከተወ ቆይቷል። ቤቱ ደጃፍ ካለችው አጭር ግንብ ላይ ተቀምጦ የሌሎችን መረብ ይጠግናል። አፉ መራራ ነበር፣ እጁ ግን ወርቅ። አንድ ልጅ አለው፣ ዛካሪያስ። ልጁ ከአባቱ ጋር ጀልባ ላይ መውጣት እንቢ ብሎ፣ ተጣልተው፣ ፈረንሳይ ሄዶ ግንበኛ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው የልጁን ስም አይጠራም፣ ሚስቱ እትዬ ሊዶቪና ስትጠራም ተነስቶ ይወጣል። ሁለቱም ግትር። ከአንድ ድንጋይ የተፈለጡ።

ከከረባታሞቹ ጋር መጫወት የጀመረው ሊስቅባቸው ነው።

«ዓሣ ትወዳለህ?» ይለዋል ኔልስን።

«አዎ።»

«መረብስ ትበላለህ?»

«አዎ።»

«ሚስቴን ላጋባህ?»

«አዎ።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ይስቃል። እትዬ ሊዶቪና በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ምን አስቆህ ነው አንተ ሰውዬ?» ስትለው፣ «ባል አገኘሁልሽ» ይላታል። ኔልስም ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ ግን አያውቅም። ያቺ ግንብ በከተማው ውስጥ በር የማይዘጋበት ብቸኛ ቦታ ስለነበረች ከማንም ቤት በላይ ወደዳት። መርፌውን ማቀበል፣ ክሩን መያዝ ተማረ። ሽማግሌው ሲያወራ «አዎ፣ አዎ» እያለ ይሰማል።

ያን ቀን ንፋስ አልነበረም። ሁለቱ ግንቡ ጋ ሲደርሱ ክሌይተን ሰዓቱን አየ። «ፖስታ ቤት ስልክ ልደውል ነው» አለው ለኔልስ በራሳቸው ቋንቋ። «ቶሎ እመለሳለሁ።»

«ተለያይተን መሄድ አይፈቀድልንም እኮ።»

እውነቱን ነው። የእነሱ ሕግ ሰባኪ ከጓደኛው ተለይቶ እንዳይሄድ ይከለክላል፤ መንገድም፣ ገበያም፣ የሰው ቤትም ሁለት ሆነው ነው። ያፈረሰ ወደ አገሩ ይመለሳል።

«አውቃለሁ» አለ ክሌይተን። ፊቱ ልክ አልነበረም። «አገር ቤት ትጠብቀኝ የነበረችው ልጅ ልታገባ ነው። ዛሬ ነው የሰማሁት። አንድ ጊዜ ላናግራት ብቻ።» መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

ኔልስ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ። ጋሽ አቢሊዮ የዚያን ቀን አልቀለደም። መረቡ ጭኑ ላይ ነው፣ እጁ ግን አይሠራም። ትንሽ ቆይቶ ማውራት ጀመረ። እያረፈ፣ አየር እየሳበ፣ ባሕሩን እያየ አወራ። ከሚለው ውስጥ ኔልስ እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ይይዛል። ባሕር። ብርድ። ልጅ። አይሆንም። ሌላው እንደ ውኃ ያልፈዋል። «አዎ» ይላል። «አዎ።»

የሽማግሌው ግንባር በላብ ወረዛ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ቀኝ እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አሳረፈና ሸሚዙን ጨበጠ። ከዚያ ወደ ኔልስ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀው። ጥያቄ መሆኑ ከድምፁ ይታወቃል።

የኔልስ ልብ በደስታ ዘለለ። እነሆ መጣ። እንባው፣ በደረት ላይ ያለው እጅ፣ ሁሉም እንዳስተማሩት ነው።

«አዎ» አለ። ከዚያም ምስክርነቱን ሰጠ። አንድም ቃል ሳይስት፣ ሳይንተባተብ፣ እስከ መጨረሻው። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ፖርቱጋልኛ አልተናገረም።

ጋሽ አቢሊዮ አየው፣ አየው። ሳቅም ቁጣም አልነበረበትም። መረቡን ከጭኑ ላይ ገፍቶ፣ ግንቡን ተደግፎ ተነሳና ወደ ቤት ገባ። ኔልስ ሊጸልይ የገባ መሰለው። ክሌይተን ዓይኑ ቀልቶ ሲመለስ፣ «መንፈስ ነካው» ብሎ አበሰረው።

ሾርባው ከምድጃ ሳይወርድ ጋሽ አቢሊዮ ሞተ።

ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ሴቶቹ የተቀመጡት በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በሌላው ነበር። ከረባታሞቹ በሩ አጠገብ ቆሙ። ኔልስ ማንም የሚለው ነገር አይገባውም፤ የተለማመደውን «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ለእትዬ ሊዶቪና ነግሮ ወደ በሩ ተመለሰ። ያን ጊዜ አንዲት የሩቅ ዘመድ ገባችና ምን ሆኖ እንደሞተ ጠየቀች። ፓልሚራ መልስ ስትሰጥ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች፣ ቀሚሷን ጨበጠች፣ ፊቷን አጨማደደች። «ልቡ ነው» አለች። «እዚህ ጋ ነው የያዘው።»

ለዚህ ቋንቋ አያስፈልግም። ኔልስ እጇን አየ። ግድግዳውን ተደገፈ።

ክሌይተን ግን እያወራ ነበር። እትዬ ሊዶቪና ባሏ በመጨረሻ ምን ሲያወራ እንደነበር ጠይቃለች፣ ፓልሚራ ደግሞ ከመስኮቷ ሽማግሌው ከኔልስ ጋር ሲያወራ እንዳየች ተናግራለች። ክሌይተን ምን ይበል? ስልክ ልደውል ሄጄ ነበር አይል። «አብረነው ነበርን» አለ። «ለጓደኛዬ ልቡን ከፍቶ ሁሉን ነገረው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። እግዚአብሔር ነክቶት ነው።» ውሸት አንዴ ከቤት ከወጣ ባለቤቱን አይጠብቅም። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ አቢሊዮ ለከረባታሙ ልጅ ኑዛዜ ሰጠ ይል ነበር። ዛካሪያስ ከፈረንሳይ በአውቶቡስ ሲደርስ አባቱ ተቀብሯል፤ እናቱም ለሰባተኛው ቀን ከረባታሞቹን ምሳ ጠራቻቸው።

አሁን ወደዚያ ነው የሚሄዱት።

«ሬሳ አይነሳም» አለ ክሌይተን ቁልቁለቱን ሲወርዱ። «እውነቱን ብትናገር ለማን ይጠቅማል? እኔን ያባርሩኛል። አባቴን አታውቀውም። አንተንም ይጠሉሃል። እሷም ዕድሜ ልኳን ታስበዋለች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው ኔልስ። ሁለት።»

ኔልስ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች በልቡ ይላቸዋል። አሁን ሳይሳሳት ይላቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው የሰባተኛው ቀን ቅዳሴ እስኪያልቅ ሊጠብቁ አስበው ነበር። ዝናብ ጀመረ። ቄሱ አባ አውሬሊያኖ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየሮጡ ሲገቡ አዩዋቸውና፣ «ግቡ እንጂ። ቤቱ አይናከስም» አሏቸው። ገብተው ከኋላ ቆሙ። አባ አውሬሊያኖ የሟቹን ስም ሲጠሩ ከፊት የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ አንገቱን ደፋ። ከኋላ የሚታየው ሰፊ ጀርባውና ሲሚንቶ የሰነጣጠቀው የእጁ ጀርባ ብቻ ነው።

ምሳው በጨው የደረቀ ዓሣ ከድንች ጋር ነበር። እትዬ ሊዶቪና ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች፤ ከእንግዲህ ሌላ ቀለም አትለብስም። ዛካሪያስ ከእሷ በስተቀኝ፣ ፓልሚራ በስተግራ። ሌላ ሰው አልተጠራም።

ክሌይተን ቀድሞ ጀመረ። «እትዬ ሊዶቪና፣ ጋሽ አቢሊዮ በዚያ ሰዓት...»

«አንተ ተው» አለችው። «አንተ አንደበትህ ቅቤ ነው። እሱ ይንገረኝ።»

«ቋንቋው ገና ስለሆነ ነው፣ እኔ ላስረዳ ብዬ...»

«ያለውን ያህል ይናገር። እኛም አናሳድደውም።»

ኔልስ ሹካውን አስቀመጠ። ዛካሪያስ ወደ እሱ ዞረ። ዓይኑ የአባቱ ዓይን ነው።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ» አለ ዛካሪያስ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን እየለየ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። «ስሜን ጠርቷል?»

ይህ ገባው። ቃሎቹ ሁሉ የሚያውቃቸው ነበሩ። መልሱም ትምህርት ቤት ያስጠኑት፣ ከማንኛውም ቃል በፊት የተማረው፣ በቀን መቶ ጊዜ የሚለው ቃል ነው። እሱን አንዴ ቢል ይህ ትልቅ ሰው ዳቦውን ቆርሶ ይበላል፣ እናቱ ታለቅስና ይወጣላታል፣ ክሌይተን በሰላም አገሩ ይገባል። ጠረጴዛው ዙሪያ ያለ ሰው ሁሉ ያንን ቃል እየለመነው ነበር።

«አይ» አለ ኔልስ።

ክሌይተን ዓይኑን ጨፈነ።

«አልሰማሁም ስም» አለ ኔልስ። «ምናልባት ጠራ። እኔ... አልገባኝም። ብዙ አወራ። ባሕር አለ። ልጅ አለ። ብርድ። ሌላ ሁሉ አልገባኝም። እኔ አዎ፣ አዎ አልኩ። ግን አልገባኝም።»

«ታዲያ እግዚአብሔር ነካው ያላችሁት?» አለች ፓልሚራ።

ኔልስ ቃል ፈለገ። አጣ። ቀኝ እጁን አንስቶ ደረቱ ላይ አሳረፈና ሸሚዙን ጨበጠ። «እንዲህ አደረገ» አለ። «ላብ እዚህ። እንባ። ጠየቀኝ አንድ ነገር። እኔ አዎ አልኩ። እኔ እግዚአብሔር መሰለኝ።»

ፓልሚራ አማተበች።

«እናንተ ሁለት ነበራችሁ» አለች እትዬ ሊዶቪና። «ይኼኛው ቋንቋ ያውቃል። እሱም አልገባውም?»

ኔልስ ወደ ክሌይተን አላየም። «ብቻዬን ነበርኩ» አለ።

ዛካሪያስ በአፍንጫው ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም። «ለግድግዳ ነው የነገረው በለኛ» አለ። «አባቴ። ለእኔ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ኖሮ ኖሮ፣ መጨረሻ ላይ አፉን ቢከፍት ለግድግዳ።» ወይን ቀዳ። አልጠጣውም፤ ብርጭቆውን ብቻ ያዞረዋል።

እትዬ ሊዶቪና ግን ኔልስን ማየቷን አልተወችም። «ስትናገር ፓልሚራ አይታሃለች» አለችው። «እሱ ከጠየቀህ በኋላ ብዙ ተናግረሃል። ምን ነበር ያልከው?»

«ምስክርነት» አለ ኔልስ።

«በለው።»

«እትዬ ሊዶቪና» አለ ክሌይተን፣ «ተዪው፣ ይቅርብሽ።»

«እንደዚያን ቀን በለው።»

ኔልስ አንገቱን ደፍቶ ጀመረ። ሌላውን ሁሉ እየተሰባበረ የተናገረው ልጅ ይህን ሲል ምላሱ አልተያዘም። አጥንቶት ነበርና ተንቆረቆረለት። «እግዚአብሔር ሕያው እንደሆነ አውቃለሁ። እንደሚወድህም አውቃለሁ። አሁን በደረትህ ውስጥ የሚሰማህ የእሱ መንፈስ ነው። አትፍራው። ልብህን ክፈትለት። እኔ በሙሉ ልቤ እመሰክርልሃለሁ።»

ጨረሰ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል።

«ይህን ስትለው» አለች እትዬ ሊዶቪና፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «እኔ ከግንቡ ወዲያ ልብስ እሰበስብ ነበር። አንሶላውን እያጠፍኩ ነበር። ድምፅህን ሰምቻለሁ። ደግሞ ሊያስቀው ነው ብዬ ነው ያልመጣሁት።»

«እኔ ቃል አልነበረኝም» አለ ኔልስ። እንባው አፍንጫው ላይ ይወርዳል። «እንዴት እንደምጠራ... ቋንቋ አልነበረኝም።»

«ለመጮህ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?»



ኔልስ ሊነሳ ወንበሩን ገፋ። እትዬ ሊዶቪና በእጇ ተቀመጥ አለችው። «ሰሃንህን ጨርስ» አለች። «ከለቅሶ ቤት ሳይበላ የወጣ የለም። ተርበህ የወጣህበትን እርግማን ደግሞ አልሸከምም።»

በላ። አራቱ እያዩት፣ ማንም ሳያናግረው፣ ዓሣውንም ድንቹንም እስከ መጨረሻው በላ። ዛካሪያስ መሐል ላይ ተነስቶ በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ሲጋራ የሚያጨስ መሰላቸው፣ ግን አልተመለሰም። በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። እናቱ እስከ መንገዱ ሸኘችው፤ ምን እንደተባባሉ የሰማ የለም።

ከምሳው ሲወጡ ክሌይተን ዝናቡ ውስጥ ቆመ። «ቀለለህ?» አለው።

«አይ።»

«እኔም ገምቻለሁ።» ትንሽ ሄዶ እንደገና ቆመ። የተቆጣ አይመስልም፤ ትልቅ ሰው የሆነ ነው የሚመስለው። «እኔ ራሴ ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አለ። «ካንተ አፍ እንዳይሰሙት።»

ደወለም። አለቃቸው ሊዝበን ነው የሚቀመጠው። ክሌይተን ሻንጣውን እንዲያስር ተነገረው። ሲሄድ ገንዳው ጋ ቆሞ ሴቶቹን አንድ በአንድ ጨበጠ። ፓልሚራ እጁን ሳትለቀው፣ «ያቺ ልጅ አንተን ትታ ያገባችው ሰው ራሰ በራ ይሁንልህ» አለችው። ከየት እንደሰማችው እሷ ታውቃለች። ሳቀላት፣ ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ኔልስ አዲስ ጓደኛ እስኪላክለት በአለቃው ፈቃድ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቀረ። ከደጅ ወጥቶ ሲያልፍ ሴቶቹ ወሬ ያቋርጣሉ። ሳሙናውን አንስቶ «ይህ ምን ይባላል?» የሚለው የለም። ሾርባ የሚያቀብለው እጅ ሾርባውን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ማንም አልሰደበውም። መሰደብ ይሻለው ነበር።

አለቃው በፋብሪካው ስልክ ደወለለት። ድምፁ የጥሩ ሰው ነው። «ልጄ፣ ከባድ ነገር ነው የደረሰብህ» አለው። «ነገ ጠዋት ወደ ደቡብ ላዛውርህ እችላለሁ። ጥሩ ከተማ ነው፣ ፀሐይ አለው። የሚያውቅህ ሰው የለም። እንደ አዲስ ትጀምራለህ።»

ኔልስ ስልኩን ይዞ በመስኮት ወደ ታች አየ። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባ እየሳቡ ነበር።

«እዚህ ከቀረሁስ?» አለ።

«እዚያ? ማን ያናግርሃል እዚያ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ?»

ይህንን እሱም በደንብ አያውቀውም ነበር። «ፈቃድዎ ከሆነ እዚሁ እቆያለሁ» አለ ብቻ።

በማግስቱ ከክፍሉ ወረደ። ከፋብሪካው ወደ ገበያ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በጨው መጋዘኑ ጀርባ ዞሮ ይሄዳል፤ ረዥም ነው፣ ይሸታል፣ ግን የሰው መስኮት የለበትም። ሌላው በእትዬ ሊዶቪና ደጃፍ ነው። ኔልስ መገንጠያው ላይ ቆመ። የመጋዘኑን መንገድ አየው። ከዚያ ወደ ደጃፏ አቀና።

መስኮቷ ክፍት ነበር። ባቄላ እየፈለፈለች ነው።

«ደህና አደሩ፣ እትዬ ሊዶቪና» አለ፣ ቆም ብሎ።

ቀና ብላ አየችው። ባቄላዋን መፈልፈል ቀጠለች።

ወደ ገበያው ሄደ፣ ዳቦውን ገዛ፣ ሲመለስም በዚያው መንገድ ተመለሰ።